ቦይለሩን ማን ከፈተው?

ቤት መግዛት ማለት የሚቆጡትን ሰው ማጣት ማለት ነው። ተከራይ ሳለን ጣሪያው ሲያፈስ አከራዩን እንረግማለን፤ ልባችን ቀለል ይላል። ባለቤት ስንሆን ግን ማንን እንርገም? ይህን ክፍተት ያየ ብልህ ሰው ዋራንቲ የሚባል ነገር ፈጠረ። በየወሩ ክፈሉ፤ ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ቢቆም፣ ቧንቧው ቢፈነዳ ደውሉልን፤ ባለሙያ እንልካለን ይላችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰዉ የሚገዛው ጥገናውን አይደለም፤ የሚቆጣውን ሰው ነው።

የእኛ ችግር ዋራንቲውን የገዛነው ልንቆጣው ከማንችለው ሰው መሆኑ ነው።

ጋሽ ነስሩ የኢንሹራንስ ወኪል ናቸው። ከዚያ በፊት ታክሲ ይነዱ ነበር። ከዚያም በፊት፣ እናቴ ለእንግሊዝ አገር እንግዳ በነበረችበት ጊዜ፣ ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ ድረስ እየወሰዱ ያስተረጉሙላት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሳሎናችሁ ተቀምጦ እናታችሁን "ከድጃ፣ ይቺን ፈርሚ፤ ለክፉ ቀን ናት" ሲላት ውሉን አንስቶ እፊቱ ማንበብ ይቻላል? እኔ የሻምፑ ጠርሙስ ጀርባ እንኳ ሳላነብ የማልታጠብ ሰው ነኝ። እጄን ወደ ወረቀቱ ስዘረጋ ግን እናቴ በዓይኗ መለሰችኝ። በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ "ጋሼን ልትመረምሪያቸው አማረሽ?" አለችኝ። ፈረመች።

ጃንዋሪ ላይ እህቴ ሐያት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አራስነቷን እኛ ቤት እንድታሳልፍ ተወሰነ፤ ወሳኟ እናቴ ናት። ልጁ ቸኩሎ የመጣ ስለሆነ ከእርግብ ብዙም አይበልጥም። ነርሷ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ። እንግዲህ ከሆስፒታል በሚወጡበት ዕለት ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን ማሞቂያ ራዲያተር ብዳስሰው እንደ በረዶ ሆኗል። ቦይለሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ውጪ የመኪኖቹ መስታወት በአመዳይ ነጭ ሆኗል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልግዛ አልኩ። "ደረቅ አየር ለሕፃን?" አለች እናቴ፣ መርዝ እናብላው ያልኩ ይመስል። እንግዲያው ለዋራንቲው ልደውል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። መደወል ለእኔ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የማላውቀውን ሰው ከማናገሬ በፊት የምለውን በልቤ አረቅቃለሁ፣ አርማለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ገና እያረምኩ ሳለሁ እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። ጋሽ ነስሩ እያሉ ለባዳ ይደወላል? ቢሰሙስ ምን ይላሉ?

ጋሽ ነስሩ "የእኔ ሥራ መሸጥ ነው፤ ለጥገና ድርጅቱ ጋ ደውሉ" ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ አራስ የምትጠብቅ እናት "ቤቱ ቀዘቀዘብኝ" ብላ ስትደውል የኛ ሰው እንዲህ ይመልሳል? ሥራቸውን ጥለው፣ ካቻቢቴ ይዘው መጡ። መንገድ ላይ ለድርጅቱ ደውለው ስለነበር ቴክኒሻኑ እየመጣ ነው። እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አሳፈራቸው። "እስቲ ቼክ ላድርገው" ብለው የቦይለሩን ሽፋን ፈቱት። ውስጡን ትክ ብለው አዩት። አንድ ነገር ነካኩ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች እናቴ።

ወዮ፣ የጠፋው መብራቱ ብቻ አልነበረም፤ ቦይለሩ ጭራሽ ጸጥ አለ። የጋሽ ነስሩ ካቻቢቴ አየር ላይ ቆመ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ "ልጄ፣ ለካ ከድርጅቱ ሰው በቀር ማንም ከከፈተው ዋራንቲው ይሰረዛል" አሉኝ። ለደንበኛ ሁሉ በቃላቸው የሚነግሩትን ነገር ለራሳቸው የነገሩት ያን ጊዜ ነው።

ሽፋኑን በጥድፊያ መለስነው። አንዱ ብሎን ልብስ ማጠቢያው ስር ገባ። በዚህ መሃል የሐያት መልእክት መጣ፤ "ወጥተናል፣ መንገድ ላይ ነን" ይላል። የበሩ ደወልም ጮኸ።

ቴክኒሻኑ ጫማው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ያጠለቀ፣ ጨዋ ወጣት ነበር። ሽፋኑን አየ፤ ብሎን የጎደለበትን ቦታ በጣቱ ነካ። ከዚያ ዞሮ ይህን የከፈተው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አዎ ብል ጋሽ ነስሩን አዋርዳለሁ፣ ሕፃኑንም ብርድ ላይ እጥላለሁ። የለም ብል እዋሻለሁ፤ ለዚያውም ሊፈነዳ በሚችል ጋዝ ላይ። ሁለቱንም ያልሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር በልቤ ማርቀቅ ጀመርኩ። ጋሽ ነስሩ ጣሪያውን ያጠናሉ።

እናቴ ማን ከፈተው የምትለዋን ለይታ ሰምታለች፤ ከነከናት። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ሰውዬውን በሰው ፊት ያመሰገናቸው የለም! የጋሽ ነስሩን ትከሻ መታ መታ አድርጋ፣ ባላት እንግሊዝኛ ሁሉ፣ የከፈቱት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሥራቸውን ጥለው መምጣታቸውን፣ እንዲህ ያለ ሰው ለንደን ውስጥ እንደማይገኝ አበሰረችው።

ቴክኒሻኑ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ጋዙን ዘጋ፣ "አትጠቀሙ" የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፣ ዋራንቲው እንደማይሸፍነን ነግሮኝ ወጣ።

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"አመሰገናቸው" አልኩ።

"ታዲያ ለምን ሄደ?"

መልስ ሳላረቅቅ ሐያት ከነባሏ በሩ ላይ ቆመች። "ኦ ማይ ጋድ፣ ማማ፣ ቤቱ ፍሪዚንግ ነው!" ስትል እስትንፋሷ ነጭ ሆኖ ታየ። ልጁ በዚያ ቀጭን ድምፁ ማልቀስ ጀመረ። ከንፈሩን አየሁት፤ ቀለሙን አልወደድኩትም። ማንም የሚያደርገውን አላወቀም። ጋሽ ነስሩ ብቻ የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። "ጫማሽን እንዳታወልቂ" አሏት፤ "ወደ እኔ ቤት!"

ስቶክዌል ያለው ቤታቸው እስክንደርስ የመኪናውን ማሞቂያ መጨረሻ ላይ አድርገው ነዱ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ መኝታ ቤታቸውን ለቀው አራሷን አስተኙ። ልጁ ሞቀው፤ ከንፈሩ ቀላ፤ ተኛ። እኔም ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

ታዲያ ዋራንቲ ያዋጣል? ለገዢው ምን እንዳዋጣ አያችሁ። ለወኪሉ ግን ቆዩ። የራሳችንን ቦይለር በራሳችን ገንዘብ እስክናስጠግን አራስ ጠያቂው ሁሉ እዚያ ቤት ይመጣል፤ ገንፎውን እየበላ ለምን እዚህ ሆነች ብሎ ይጠይቃል፤ እናቴም ትተርካለች። "ቦይለሯ ቢበላሽ ወኪሏ አልጋውን ለቀቀላት! የትኛው ኢንሹራንስ ነው እንዲህ የሚያደርገው?" ተባለ። ጋሽ ነስሩ ይህ ውሉ ውስጥ የለም ብለው ማሉ። ሰዉ ትሕትና ነው አለ። ፈረመ። እናቴም ውሏን አሳደሰች።

የመጨረሻው ፈራሚ ሲወጣ እትዬ ዘይነባ የገንፎ ማማሰያ እንደያዙ ወደ ጥግ ጎተቱኝ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አሉኝ፤ "የነዚህ ሁሉ ቦይለር ባንድ ጊዜ ቢበላሽ የት ነው የማስተኛቸው?"