ዶክተር ያጥፉትና ያብሩት እና ባለ ቀይ ክሯ ገመድ

ኮምፒውተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም። ሲጠራ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ እንደ ታማሚ ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ብዙ የተመራመረ ሰው ድምፅ አውጥቶ «ያጥፉትና ያብሩት» ይላል። ካልበራ «ቫይረስ ነው» ይላል። ቫይረስም ካልሆነ «ሲስተም የለም» ይላል። አራተኛ በሽታ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ይህ ሰው «ዶክተር ያጥፉትና ያብሩት» ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው ኮሪደሩ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዶክተሩ ከሥራ ይሰናበት የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ፊርማ አለበት። የቀረው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የእትዬ ፊርማ ብቻ ነው። እትዬ ድምፃቸው ከወረቀት መገለጥ የማይበልጥ፣ ስብሰባ ላይ በሩ ሥር የሚቀመጡ፣ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው። ሆኖም ቁጥርና ቀን የሌላት ወረቀት በእጃቸው አልፋ አታውቅም።

«እትዬ፣ ይፈርሙና እንገላገል» አለች ደብዳቤውን ያመጣችው የሰው ኃይል ኃላፊ። «ከእርስዎ በላይ ማን ተቃጥሏል?»

እውነቷን ነው። እትዬ ለመፈረም ምክንያት አላጡም።

አንድ ጊዜ ፕሪንተራቸው ወረቀት እያኘከ አስቸገራቸው። ዶክተሩ ጆሮው ላይ መፍቻ ሰክቶ መጣ፤ ፈታታው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመው። ሦስት ብሎን ተረፈ። ዶክተሩ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበና «እትዬ፣ ያስቀምጡልኝ» አላቸው። እትዬም ፖስታ ውስጥ ከተው፣ «ብሎን፣ ሦስት» ብለው ቁጥር ሰጥተው መዘገቡ። ፕሪንተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባተመ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይሄዳል። እትዬ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ወረቀቱን ይቀበላሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ለደኅንነት ሲባል» ብሎ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ሁሉ ቀየረ። ማንም እንዳይረሳው አዲሶቹን ከየሠራተኛው ስም ጋር ጽፎ መግቢያው በር ላይ ለጠፈው። ውሃ ሊያስገቡ ማመልከቻ የያዙ ባለጉዳዮች ሳይቀሩ ቆመው አነበቡት።

የሰው ኃይል ኃላፊዋማ ቂሟ ሌላ ነው። «ትንሽ ቫይረስ አለው» ብሎ ኮምፒውተሯን ሲያጸዳላት የዓመት ፈቃድ ሰንጠረዡን አብሮ አጸዳው። ያን ወር ግማሹ ሰው «ተራዬ ነው» እያለ ቤቱ ተቀመጠ። ተራው አይደለም ብሎ የሚከራከር መረጃ አልነበረም።

የእትዬን ትዕግሥት የጨረሰችው ግን ገመዷ ናት። ሰኞ ሰኞ ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል። ዶክተሩ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ጉልበቱን እያራገፈ ይወጣል፤ ይሠራል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉት «ገመዱ ደክሞት» ይላል። ማክሰኞ ደግሞ ሰው ኃይል ጋ ይጠፋል። ረቡዕ ቆጣሪ ክፍል። እትዬ ጠረጠሩ። ከሹራብ የተረፈ ቀይ ክር ገመዷ አንገት ላይ አሰሩ። ረቡዕ ዕለት ፋይል ያደረሱ መስለው ቆጣሪ ክፍል ገቡ፤ እርሳስ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ቢሉ ቀይ ክሯ ከጠረጴዛው ሥር ታየቻቸው።

ለካ ለሦስት ክፍል ደህና ገመድ አንዲት ብቻ ናት! የመጨረሻ የጠራ ይድናል፤ የቀረው ይታመማል።

«አንተ!» አሉት ኮሪደር ላይ አግኝተው። «የእኔን ነቅለህ ለሌላ ትሰካለህ?»

«እትዬ፣ የጠራኝን ላክም እንጂ ምን ላድርግ?»

እትዬ ያን ቀን ገመዷን ከቆጣሪ ክፍል ነቅለው አምጥተው፣ ከጠረጴዛቸው እግር ጋር ሰባት ጊዜ ቋጥረው አሰሯት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ሆነ፦ «ይህቺ ገመድ ከዚህ ክፍል የምትወጣው ከእኔ ጋር ነው።»

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት እስክሪብቶውን ያነሱት ይህን ሁሉ አስታውሰው ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ያለ ፋይል አይሄድም። «መጀመሪያ ከግል ፋይሉ ላይ ልመዝግበው» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ አሁን ደግሞ ፋይል ሊያወጡ ነው!»

«ነገ ስብሰባው ላይ ይዤው እመጣለሁ። ሂጂ።»

ፋይሉን አወጡ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ ገለጡ። ሰባት ደብዳቤ አገኙ። ሰባቱም ከዶክተሩ ለሥራ አስኪያጁ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የተቀጠርኩት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኝነት ነው። ኮምፒውተሮቹ የመጡ ዕለት ካርቶን ያወረድኩት እኔ ስለነበርኩ አንተ ያዘው ተባልኩ። እባካችሁ ሥልጠና ይሰጠኝ።» ሁለተኛው ገመድ ይለምናል። ሦስተኛውም ገመድ፣ አራተኛው ሥልጠና፣ እያለ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሁሉም ላይ የሥራ አስኪያጁ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፦ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።»

ያያያዙት ማን ሆኑና! ቁጥሩ የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። ማኅተሙን የመቱት እሳቸው፣ ወረቀቱን የበሱት እሳቸው። ሰባት ጊዜ ቁጥር ሰጥተው አንድ ጊዜ አላነበቡም። እትዬ መነጽራቸውን ጠርገው ሰባቱንም እንደገና ከአንደኛው ጀምረው አነበቡ።

በማግሥቱ ስብሰባው ላይ ዶክተሩ ጥግ ይዞ ጫማውን ያያል። ሥራ አስኪያጁ «እትዬ፣ ደብዳቤውን ፈረሙ?» አለ።

እትዬ ከበሩ ሥር ተነሡ። ፋይሉን ታቅፈዋል።

«አልፈረምኩም።»

«ለምን?»

«ተራው አልደረሰም። ይህ ስምንተኛ ደብዳቤ ነው። ከፊቱ ሰባት መልስ ያላገኙ አሉ።» ፋይሉን ከፍተው ቁጥርና ቀን እየጠሩ አንድ በአንድ አነበቡ። ድምፃቸው መጀመሪያ አልተሰማም፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ኮሪደር ላይ ላሉትም ተሰማ።

«እትዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ይህ ሰው እኮ ምንም አይችልም።»

«አይችልም! እኔ ልንገርዎት፣ ምንም አይችልም። ሦስት ብሎን በእጄ አለ። ግን ሲጠራ ይመጣል። ጠርቼው የቀረበት ቀን የለም። እርስዎ ሰባት ጊዜ ተጠርተው አልመጡም፤ እኔም መዝግቤ ዝም ብያለሁ። ስምንተኛው ከአንደኛው ቀድሞ አይስተናገድም። እኔ ቁጥር አልሰጠውም፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ከዚህ ቤት አይወጣም። ከፈለጋችሁ እኔን አሰናብቱኝ፣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ።»

«እትዬ፣ ሰንጠረዤስ?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ በቀስታ።

«ሰንጠረዥሽ በወረቀት እኔ ጋ አለ። መጥተሽ አልጠየቅሽኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ተቀበለ። ከዚያ በአንደኛው ደብዳቤ ላይ «ይሠልጥን»፣ በሁለተኛው ላይ «ይገዛ» ብሎ ጻፈ። ስምንተኛውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከሁለት ወር በኋላ ዶክተሩ ከሥልጠና ተመለሰ። በአንድ እጁ የምስክር ወረቀት፣ በሌላው አንድ ካርቶን አዲስ ገመድ ይዟል። ቀጥታ መዝገብ ቤት ገብቶ ባለ ቀይ ክሯን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«እሷን ተዋት» አሉት እትዬ። «ይልቅ ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ አልነቃ ብሎኛል።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አየው። የሠለጠነ ሰው አስተያየት ነው፤ ረዘም ይላል። ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ… ያጥፉትና ያብሩት።»

አጠፉት፣ አበሩት። በራ። እትዬ ሳቃቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው መሳቢያቸውን ሳቡና ፖስታውን አወጡ።

«እንግዲህ ሠልጥነሃል፤ ንብረትህን ተረከብ።»

ዶክተሩ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አገላብጦ አያቸው። «የምን ብሎን ናቸው እትዬ?»

እትዬ ፖስታውን ተቀብለው ወደ ቦታው መለሱ። እሱ ከወጣ በኋላ መዝገባቸውን ከፈቱና «ብሎን፣ ሦስት» ከሚለው ፊት ለፊት በጥንቃቄ ጻፉ፦ «ባለቤታቸው አላወቃቸውም። እኔ ጋ ይቆዩ።»