ጥቁሩ ቀሚስ ለማን ነው?

[ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ያለች ጠባብ አፓርትመንት። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 2018፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሶፋው፣ ወንበሩና ቴሌቪዥኑ ሳይቀሩ ልብስ ለብሰዋል። አይዳ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። ባየሽ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ እዚሁ አብረው ይኖራሉ፤ በሁለት አውቶቡስ እየተመላለሰች ሆፕኪንስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ሁለቱም አንድ አጭር ጥቁር ቀሚስ በየጫፉ ይዘው ይጓተታሉ።]

አይዳ: ልቀቂው እቴቴ! ይቀደዳል!

ባየሽ: ምኑ ነው የሚቀደደው? ጀርባው የት ሄደና?

አይዳ: ስታይሉ ነው።

ባየሽ: ጀርባ ማጣት ነው ስታይሉ? ደግሞ ጥቁር! ማን ሞተ ብለሽ ነው?

አይዳ: ማንም አልሞተም! የመጨረሻው ቀን ጥቁር ነው የሚለበሰው። አንዴ ተቀመጪና ላስረዳሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን አትጠይቂኝም።

ባየሽ: የት ልቀመጥ? ወንበሩ ላይ ጃኬት ተቀምጧል።

አይዳ: ቁሚ እሺ። ሶሮሪቲ ማለት የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው። ግቢው አጠገብ ብዙ ማኅበር አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ትልቅ ቤት አለው። እኛ አዲሶቹ ለብሰን ቤቶቹን እንዞራለን። እነሱ ያዩናል፣ ያነጋግሩናል፣ ከዚያ ደስ ያለቻቸውን ይመርጣሉ።

ባየሽ: ልጁ ምን ይሠራል?

አይዳ: የምን ልጅ?

ባየሽ: ተኳኩለሽ ቤት ለቤት እየዞርሽ የምትታዪው ለማን ልጅ ነው? ደግሞ እዚህ አገር ሴቷ ናት እንዴ ዞራ የምትጠይቀው?

አይዳ: ወንድ የለበትም! ሴቶቹ ናቸው የሚመርጡን። እህታቸው እንድንሆን።

ባየሽ: እህት በምርጫ ሆነ? እናትሽ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ እኔ መቼም አላልፍም ነበር።

አይዳ: አትቀልጂ። የመጀመሪያው ቀን ቲሸርት ነበር፤ ሁላችንም ያንኑ። ሁለተኛው ቀን አበባ ያለበት ቀሚስ። ዛሬ ጥቁር።

ባየሽ: ሁላችሁም አንድ ዓይነት ለብሳችሁ በምን ይለዩአችኋል?

አይዳ: በፐርሰናሊቲ። የላኩልን መመሪያ ገና ሲጀምር ምን ይላል መሰለሽ? «ራስሽን ሁኚ።»

ባየሽ: ጥሩ ብለዋል። ከዚያስ?

አይዳ: ከዚያማ የተረከዙ ቁመት፣ የጆሮ ጌጡ መጠን፣ የጥፍሩ ቀለም፣ ፀጉር ደግሞ «በተፈጥሮው የተጠቀለለ»።

ባየሽ: ያንቺ በተፈጥሮው የተጠቀለለ አይደለም እንዴ?

አይዳ: እንደዚህ አይደለም! እሱን መጀመሪያ አቃንተሽ ነው እንደገና የምትጠቀልዪው።

ባየሽ: አሃ! ለዚህ ነዋ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ የተለበለበ ዶሮ የሚሸተው። እኔ እኮ ምሳ አለ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አይዳ: እቴቴ፣ ፋሽን የሚባለውን ነገር አታውቂውም። ተይው።

ባየሽ: እንዴት አላውቅም? ያወጣሁልሽን ቢጫ ሱፍ ምን አልሽው? ለኃይሉ ሰርግ የለበስኩት እኮ ነው! ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው።

አይዳ: ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው እቴቴ።

ባየሽ: ትከሻ ያላት ሴት ትከበራለች። ጀርባ የሌላትን እንጃ።

አይዳ: [ቀሚሱን ነጥቃ ደረቷ ላይ ታደርገዋለች] አንቺ ነገሩ አልገባሽም። እዚያ ግቢ ውስጥ እኮ አንድም ሰው የለኝም። ሁሉም ከሃይ ስኩል ጓደኛው ጋር ነው የመጣው። ምሳዬን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ የማወራ እየመሰልኩ ነው የምበላው። ያ ነጭ ምሰሶ ያለው ቤት ከወሰደኝ ግን በአንድ ቀን ሰማንያ እህት ይኖረኛል። እፈልጋለሁ፣ በቃ! በቅናት ሞቻለሁ።

ባየሽ: [ድምጿ ይለሰልሳል] ስልክ የምታወሪ እየመሰልሽ? ታዲያ የእውነት ለእኔ አትደውዪም?

አይዳ: ደውዬ ምን ልበልሽ? «ብቻዬን ነኝ» ልበልሽ?

ባየሽ: እሱኑ በይኛ። እኔም አውቶቡስ ስጠብቅ ብቻዬን ነኝ። [ከቀሚሱ ላይ ክር ታነሳለች] እሺ፣ ልበሺው። ዛሬ ምን ይደረጋል እዚያ?

አይዳ: ዛሬ ከባድ ነው። ሙዚቃ የለም። መብራት ይጠፋል፣ ሻማ ይበራል። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ከዚያ ልጆቹ ስለ ቤታቸው እየተናገሩ ያለቅሳሉ።

ባየሽ: ያለቅሳሉ?

አይዳ: ሁልጊዜ። ዓመት ዓመት ያለቅሳሉ።

ባየሽ: [ክሩን ትጥላለች] ጥቁር ለብሰው፣ ሻማ አብርተው፣ ያለቅሳሉ።

አይዳ: ትራዲሽን ነው።

ባየሽ: እዚያ ቤት ትልቅ ሰው የለም?

አይዳ: ሃውስ ማም ነበረቻቸው። አብራቸው የምትኖር፣ ቤቱን የምትቆጣጠር ሴትዮ ናት፤ እንደ እናታቸው በያት። ጁላይ ላይ ፍሎሪዳ ሄደች። አሁን ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው።

ባየሽ: ድንገት?

አይዳ: ድንገት መሰለኝ።

ባየሽ: ልጆቹን ሳትሰናበት?

አይዳ: በጋ ነዋ፣ ልጆቹ የሉም። ኢንስታግራም ላይ ፎቶዋን ከነአበባው ለጥፈው «ሁልጊዜ በልባችን አለሽ» ብለዋል። የሚያሳዝን ነበር።

ባየሽ: [ደረቷን ትይዛለች] ወይኔ ልጆቹን!

አይዳ: ምን ሆንሽ?

ባየሽ: ምንም። ፍሎሪዳ ሄደች አሏችሁ?

አይዳ: አዎ፣ ጡረታ ወጥታ።

ባየሽ: እኔንም አባቴ የሞተ ጊዜ «ጠበል ሄዷል» ነው ያሉኝ። በደወልኩ ቁጥር ጠበል ነው። ክረምቱን ሙሉ ጠበል ነበር።

አይዳ: እቴቴ፣ ፍሎሪዳ እውነት ነው!

ባየሽ: ጠበሉም እኮ እውነት ነው። አባቴ ነው የሌለው።

አይዳ: ኧረ በማርያም! ሴትዮዋ አልሞተችም!

ባየሽ: እሺ አልሞተችም። አንቺንም ደብቀውሽ ነው። መርዶ እንዲህ ነው፣ ቀስ እየተባለ ነው።

አይዳ: ስሚኝ። ማንም ወላጁን ይዞ አይሄድም። አትመጪም። ማይልኝ!

ባየሽ: በፊት ለፊት በር አልመጣም፤ ማርያምን።

[አይዳ ረክታ ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች። ባየሽ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ሽርጧን ታስራለች፤ የታሸገ ሽምብራ ከፍታ ትልቁ ድስት ውስጥ ትገለብጣለች። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ንፍሮ ልታደርስ ነው።]

[ያው ቤት፣ ያው ዕለት ምሽት። ባየሽ ቀድማ ገብታለች። አይዳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትገባለች።]

አይዳ: ገደልሽኝ! በቁሜ ቀበርሽኝ!

ባየሽ: መጀመሪያ በሩን ዝጊ።

አይዳ: ምለሽልኝ አልነበር?

ባየሽ: በፊት ለፊት በር አልመጣም አልኩ፣ በጓሮ በር ገባሁ። ለቅሶ ቤት ደግሞ የሚገባው በማድቤት ነው፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

አይዳ: ለቅሶ አልነበረም!

ባየሽ: ታዲያ እነዚያ ልጆች ማድቤት ወለል ላይ ተዘርግተው ምን ያስለቅሳቸዋል?

አይዳ: እረፍት ላይ ናቸዋ! ሳሎን አልቅሰው ማድቤት ያርፋሉ!

ባየሽ: እኔ በምን አውቄ? አንዷን አቀፍኳትና «ሶሪ ፎር ዩር ማዘር» አልኳት። የባሰ አለቀሰች። «በጣም ናፍቃናለች» አለችኝ። «አይዞሽ፣ አሁን ጥሩ ቦታ ናት» አልኳት። «የስ፣ ቢች ላይ ናት» አለችኝ። እኔ መቼም ገነት አሸዋ እንዳለው ዛሬ ሰማሁ።

አይዳ: ፍሎሪዳ! ፍሎሪዳ ናት!

ባየሽ: በኋላ በስልክ አሳዩኝ እኮ። ሴትዮዋ የዋና ልብስ ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ጭማቂ ትጠጣለች። እልል ነው ያልኩት!

አይዳ: እልልታውን ሰምተናል! ከእልልታው በፊት የነበረውንም ሰምተናል! እኔ ሻማ ይዤ ስለ ሊደርሺፕ እየተናገርኩ ከጀርባ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!»

ባየሽ: ሟች ቤት ገብቶ ዝም ማለት ነውር ነዋ። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም እኮ! ዚፑ አልዘጋም እንዳይል! ዚፓቸውን ፈታሁላቸው፣ ጫማቸውን አስወለቅኳቸው፣ ንፍሮውን አቀረብኩ። አንዷ «ግሉተን አለው?» አለችኝ። ምን እንደሆነ ባላውቅም «ጨው ብቻ ነው የጨመርኩት» አልኳት። ድስቱን በጣታቸው ጠረጉት።

አይዳ: ለዚህ ነዋ ከማድቤት የተመለሱት ሁሉ ባዶ እግራቸውን የመጡት! ሽምብራ ሽምብራ የሸተቱት!

ባየሽ: ሳቃቸውስ? ሲስቁ አልሰማሽም? አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ።

አይዳ: ምን?

ባየሽ: የማድቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ያቺ ረጅሟ ልጅ «ሴትዮዋ የማን ናት? ታውቂያታለሽ?» ስትልሽ ምን አልሻት?

አይዳ: [ጫማዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች] ... ደንግጬ ነው እቴቴ።

ባየሽ: ምን አልሻት?

አይዳ: አላውቃትም አልኩ።

ባየሽ: እሺ።

አይዳ: እቴቴ...

ባየሽ: እሺ አልኩ እኮ። ልብስሽን ከሶፋው ላይ አንሺልኝ፣ ልተኛበት።

አይዳ: [ማልቀስ ትጀምራለች] አፈርኩ። ባንቺ አይደለም... ባንቺም አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ያ ቀሚስ ሌላ ሰው ያደረገኝ መሰለኝ።

ባየሽ: መመሪያው ራስሽን ሁኚ ብሎሽ አልነበር? ምነው እሷን ብቻ ዘለልሽ?

[ስልክ ይጮሃል። አይዳ ሶፋው ላይ ያለውን ልብስ እየበታተነች ስልኳን ትፈልጋለች።]

አይዳ: እነሱ ናቸው! የመረጧት ጋ ዛሬ ማታ ይደውላሉ! [ስልኳን አግኝታ ታየዋለች] የእኔ አይደለም።

ባየሽ: የእኔ ነው። [ታነሳለች] ሄሎ? የስ፣ ባየሽ ስፒኪንግ። [እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ] የምሰሶው ቤት ናቸው።

አይዳ: ቁጥርሽን ከየት አመጡት?

ባየሽ: ከድስቱ። ስሜንና ስልኬን ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ጽፌበታለሁ። ለቅሶ ቤት ድስት ይጠፋላ። [ወደ ስልኩ] የስ፣ የስ።

አይዳ: ማን ናት? ምን አለች?

ባየሽ: የማኅበሩ ኃላፊ ነኝ ትላለች። ልጆቹ ተሰብስበው እጅ አወጡ አለች።

አይዳ: እና?

ባየሽ: አንድም የተቃወመ የለም፣ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች አለች።

አይዳ: ተመረጥኩ! [ጥቁሩን ቀሚስ እንደለበሰች ትዘላለች] ተመረጥኩ! ሰማንያ እህት!

ባየሽ: ቆይ፣ አትጩኺ፣ ልስማ። የራሷ መኝታ ቤት አላት አለች።

አይዳ: የራሴ መኝታ ቤት! በመጀመሪያው ዓመት!

ባየሽ: ምግብ የምታበስል ሌላ ሰው አለች፤ ንፍሮውን ግን ራሷ ብታደርገው...

አይዳ: የምን ንፍሮ?

ባየሽ: አይዱ... እኔን ነው።

አይዳ: አንቺን ምን?

ባየሽ: በፍሎሪዳዋ ሴትዮ ቦታ። መጥቼ እንዳነጋግራቸው ነው፤ ልጆቹ ሌላ ሰው አናይም ብለዋል አለች። [ዓይኗ እንባ ያቀርራል] አልጋ ያለው መኝታ ቤት፣ አይዱ! ሁለት አውቶቡስ ቀረ!

አይዳ: በሽርጥና በነጠላ ጫማ እኮ ነው የገባሽው!

ባየሽ: ራሴን ሆኜ ነዋ።

አይዳ: [ሶፋው ላይ፣ ከልብሱ ክምር መሀል ትወድቃለች] እኔስ? እቴቴ፣ ጠይቂልኝ! ስለ እኔስ?

ባየሽ: ቆይ፣ እሷም እየጠየቀችኝ ነው። [ታዳምጣለች] ከዛሬዎቹ አንዷ ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል አለች። አብሬያቸው የምኖረው እኔ ስለምሆን የእኔን ሐሳብ ይፈልጋሉ።

አይዳ: ማን ላይ?

ባየሽ: አይዳ የምትባል። ያገርሽ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ ታውቂያታለሽ ወይ ትለኛለች።

አይዳ: [ተንበርክካ የባየሽን ሽርጥ ትይዛለች] እቴትዬ! እናቴ! በአባትሽ ነፍስ!

[ባየሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አይዳን ከተጠቀለለው ፀጉሯ እስከ ባዶ እግሯ ቀስ ብላ ታያታለች። ጀርባዋንም ጎንበስ ብላ ታያለች።]

ባየሽ: [ወደ ስልኩ፣ በእንግሊዝኛ] አይዳ... አይዳ... ምን የለበሰችዋ?