ቃለ ጉባኤ ያዡ ጋሽ የኔሰው

በዚህ አገር ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አንደኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ማንም አልመረጠውም፤ ማንም አልለመነውም። እድር ላይ አለ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ አለ፣ የሠርግ ኮሚቴ ላይ ከሙሽራው ቀድሞ ይገኛል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ ቢያገኝ እንኳ፣ ከማስታረቁ በፊት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ቢቸና ውስጥ ብቻ አራት አውቃለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ሞጣ ነው ያሉት፦ ክቡር ጋሽ የኔሰው፣ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ብዕራቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

እንዴት እንደተገናኘን ልንገራችሁ። እኔ ቢቸና የአማርኛ መምህርት ነኝ። ዓምና ጥቅምት ላይ «መጻፍ የሚወድ ይምጣ» ብዬ የፈጠራ ጽሑፍ ወርክሾፕ ጀመርሁ፤ አንድ ቅዳሜ ቢቸና፣ አንድ ቅዳሜ ሞጣ። ሞጣ ላይ የመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰው መጣ። አንዱማ «ወርክሾፕ» የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ፣ ብየዳ ቤት መስሎት የተሰበረ የባጃጅ መሪ ይዞ የመጣ ነበር። መሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲወጣ «ብየዳ ባይኖረውም ደኅና ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ከተቀበልሁት ምስጋና ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ጋሽ የኔሰው ግን ተሳስተው አልመጡም። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ።

«መምህርት፣ አጀንዳው ይጽደቅልን።»

«አጀንዳ የለንም ጋሼ። ዝም ብለን እንጽፋለን።»

«ዝም ብለን…» አሉ፣ ደብተራቸውን እየገለጡ። «በዝምታ እንዲጻፍ ተወስኗል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፋችን የወጣ ቃል አላመለጣቸውም። ሞጣ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ኸይራት፣ አባቷ ትተውላት ስለሞቱት የጨርቅ መለኪያ ሜትር አንድ ታሪክ አነበበች። ያላለቀሰ አልነበረም። ጋሽ የኔሰው በማግስቱ በፎቶ የላኩልን ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ወ/ሮ ኸይራት ስለ አባታቸው ሜትር ሰፊ ገለጻ አድርገዋል። ቤቱም በጉዳዩ ላይ በጥልቀት አልቅሷል።» የላቦራቶሪ ባለሙያው ፋንታ ደግሞ የፍቅር ግጥም አነበበ፤ ልጅቱ እሺም እንቢም ሳትለው ያልቃል። «አቶ ፋንታ ስለ አንዲት ሴት ዐይን ሪፖርት አቅርበዋል። ያልተፈቱ ችግሮች ተለይተው እንዲቀርቡ አቅጣጫ ተሰጥቷል።»

አንድ ሰው ደህና ዐረፍተ ነገር ካነበበ «ይያዝ!» ይላሉ ጮክ ብለው። መጥፎ ካነበበም «ይያዝ!» ነው። ስልኩ የጮኸበት ሰው ስሙ ይያዛል። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ አቃተንና ዝም አልን፤ እሳቸው ግን «በዝናብ ምክንያት ውይይቱ ለሃያ ደቂቃ ተስተጓጉሏል» ብለው ጻፉ።

እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን ያቃጥሉኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከቢቸና ተነሥቼ፣ በጉንደ ወይን በኩል አቧራ ስጠጣ መጥቼ፣ በሩ ላይ ስደርስ «ምነው ዛሬ እንኳ ቢቀሩ» ብዬ እመኛለሁ። አይቀሩም! የባሰው ደግሞ የራሳቸውን አንድም ቀን አንብበው አያውቁም። ስጠይቃቸው ኮስተር ይላሉ። «መምህርት፣ እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ፤ ደራሲ አይደለሁም።»

መጋቢት ላይ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ «እኔ» ብሎ የሚጀምር አንድ ገጽ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ወይ ጉድ፣ ጋሽ የኔሰው እጃቸውን አወጡ። ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አነበቡ።

«ጸሐፊው በተወለደበት ቀበሌ አድጓል። ትዳር ተመሥርቷል። ልጅ ተወልዷል። ልጅቱም ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ተመድባ ሄዳለች። በመሆኑም ኀዘን ተሰምቷል።»

«ለማን ነው የተሰማው ጋሼ?» አለች ኸይራት።

«ለቤቱ።»

«ቤቱ ውስጥ ለማን?»

«በአጠቃላይ» አሉ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«ኧረ ጋሼ! ስምዎ ውስጥ እንኳ 'የኔ' አለ እኮ!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ከሁሉም በላይ። እሳቸው አልሳቁም። ደብተራቸውን ከድነው ተቀመጡና እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳይዙ ቀሩ። ያኔ ነው ያፈርሁት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። ስልካቸውን ከፍተው ሰጡኝ። ልጃቸው አምሳለች ነርስ ናት፤ ወርክሾፑ ከመጀመሩ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ የጁቤ ወደምትባል ከተማ ተመድባ ሄዳለች። መልእክቶቻቸውን አነበብሁ። «ጉዳዩ፦ የጤናሽን ሁኔታ ይመለከታል። ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው፣ ያለሽበት ሁኔታ በአስቸኳይ እንዲገለጽልን እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።» ከግርጌው፦ «ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ሀብትነሽ።» ወይዘሮ ሀብትነሽ ባለቤታቸው ናቸው፤ መልእክቱ ሲጻፍ አጠገባቸው ነው የተቀመጡት።

ልጅቱ መጀመሪያ ላይ በሳቅ ትመልስ ነበር። የመስቀል ዕለት የላከችው ግን የመጨረሻው ነው፦ «አባዬ፣ እኔ መሥሪያ ቤት አይደለሁም። አባቴ ሲጽፍልኝ እመልሳለሁ።» ይኸው ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ለእናቷ ትደውላለች። እሳቸው ስልኩን ሲቀበሉ ኔትወርኩ ይበላሻል።

«እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው መምህርት» አሉኝ። «ኸይራትም ፋንታም 'እኔ' እያሉ ሲያነቡ እጽፈዋለሁ። የሰው 'እኔ' ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ የራሴ ግን አልመጣ አለኝ። ልጄን እንደዚሁ ላጣት ነው።»

ያነበብሁት የአጻጻፍ መማሪያ ሁሉ ለሳቸው አይሆንም። ቆይቼ አንድ ነገር መጣልኝ።

«አምሳለች የሄደች ቀን መናኸሪያ ሸኝተዋታል?»

«ሸኝቻለሁ።»

«እንግዲያው እሱን ስብሰባ ነበር እንበለው። ቃለ ጉባኤውን ይያዙልኝ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ 'ተባለ' አይቻልም። ማን እንዳለ ይጻፉ።»

ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ። «ተሰብሳቢ ሁለት» ብለው ጻፉ።

ያን ዕለት ወደ ቢቸና ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ራሴ አሰብሁ። ሰውን ሁሉ «ጻፉ፣ አትፍሩ» እያልሁ የራሴን ደብተር ከከፈትሁ ስንት ጊዜዬ ነው! እነዚህን ቅዳሜዎች የጀመርሁት ለማስተማር መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን መጻፍ ስላቃተኝ ሰው ፍለጋ ኖሯል የምባዝነው። ሚኒባሱ ውስጥ እየተንገጫገጭሁ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ጽሕፈቱ አይነበብም፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ቀጣዩ የሞጣ ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ የኔሰው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«እኔ የምደባ ደብዳቤሽን ኮፒ ይዘሻል ወይ አልሁሽ። አንቺ ይዣለሁ አልሽ። እኔ ስንት ኮፒ አልሁሽ። አንቺ ፊትሽን አዞርሽ። እኔ ስለ ኮፒው ግድ አልነበረኝም። አትሂጂ ማለት አፍሬ ነው። አውቶብሱ ሲወጣ ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ሻይ አዘዝሁ። አስተናጋጇ ሌላኛው ሰው የታለ ስትለኝ ነው ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት። ሁለቱንም ጠጣሁ። እኔ አባትሽ ነኝ።»

«ወላሂ ጋሼ…» አለች ኸይራት። በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። የፋንታ አፍንጫ ቀልቷል። ጋሽ የኔሰው እዚያው ቁጭ ብለው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ስልካቸው ላይ ገለበጡትና ላኩት። የሁላችንም ዐይን ስልኩ ላይ ቀረ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ፋንታ አዲስ ግጥሙን ጀመረ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስልክ ጮኸ። የጋሽ የኔሰው ነው። አሁን የሳቸውን ስም ማን ይያዘው! ብድግ ብለው፣ ወንበር አጋጭተው ወጡ። በመስኮቱ «አለሁ፣ አለሁ ልጄ» ሲሉ ሰማን። ከዚያ ብዙ ጊዜ አዳመጡ። ፋንታ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ተመልሰው ሲገቡ ዐይናቸው ደም መስሏል፤ አፋቸው ግን ፈገግታውን መሰብሰብ አቅቶታል።

«ምን አለች ጋሼ?» አልናቸው በአንድ ድምፅ።

«'ከዚያስ?' አለችኝ። 'ሁለቱን ሻይ ጠጣህ፤ ከዚያስ?' አለችኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርት፣ ከዚያ ምን ይጻፋል?»

ከተማሪነቴ ጀምሮ እጽፋለሁ፤ አንድ ሳጥን ሙሉ ደብተር አለኝ። «ጥሩ ነው» ብለውኛል፣ «በርቺ» ብለውኛል። «ከዚያስ?» ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ቀናሁባቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በእኚያ አንጀት አቃጣይ ሽማግሌ ከልቤ ቀናሁባቸው፤ ደግሞ ተነሥቼ ላቅፋቸው ፈለግሁ። ወንበሬን ይዤ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። ከሻይ ቤቱ ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ቤት።»

«በምን?»

«በእግሬ» አሉ፤ ደብተራቸውንም ገልጠው አጎነበሱ። «ቀስ ብዬ ነበር የሄድሁት። ዐይኔ ሳይደርቅ ሀብትነሽ እንዳታየኝ።»