ለጠመንጃ የተጣደ ውሃ

አሮጌ ጠመንጃ የሚያባብል ሰው ቤታችሁ አለ? ከሌለ ተመስገን በሉ። እኛ ቤት፣ ቱላ ከተማ፣ የባለቤቴ አባት አሉ፤ አባባ እንላቸዋለን። ከቃታዋ ሥር ያለው ብረት ወደ ታች ሲሳብ ጥይት የምትጎርስ ጠመንጃ አለቻቸው። ቅቤ ትቀባለች፣ በሻሽ ትጠቀለላለች። የእኔ ፀጉር መች እንዲህ ታደለ?

ባለፈው እሑድ ራሳቸው ጥቁር ባሩድ የሞሉትን ጥይት አጎረሷትና ጓሮ ወዳለው የአፈር ቁልል አነጣጠሩ። ቃታውን ሳቡ፤ ዝም።

"አኮረፈች እንዴ?" ብለው ከነጠመንጃቸው ወደ እኔና ወደ ልጆቼ ዞሩ።

"አባባ፣ በማርያም! ወደዚያ ያዙሯት!"

"አትፍሪ ልጄ፤ እሷ ቤተሰብ ታውቃለች።"

ያን ጊዜ ጠመንጃዋ ዘግይታ ጮኸች። ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ሁለቱም ልጆቼ ከዓይኔ ጠፉ። እጆቼን ዘርግቼ ወደ ጭሱ ገባሁ።

"እማዬ፣ ሮቶው ተበሳ!" አለች ትንሿ ከጭሱ ውስጥ። ታላቋ እጇን ይዛታለች።

አባባ እየሳሉ፣ "ሙቅ ውሃ ጣጅልኝ፤ ባሩዱ ብረቷን ሳይበላው ትታጠብ" አሉኝ።

ከተበሳው ሮቶ ከሚፈሰው ቀድቼ ጣድኩ። ውሃው ለጠመንጃ እንጂ ለሬሳ ማጠቢያ አልሆነም፤ ተመስገን።