ጧፍ የተቀባው ስኪ

ሐበሻ በሰፈረበት ሰፈር ሁሉ አንድ «እኔ እያለሁ?» ባይ አይጠፋም። መንግሥት አይሾመው፣ ዕድር አይመርጠው፤ ብቻ አንድ ቀን የመኪናችሁን ኮፈን ስትከፍቱ ከጎናችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መካኒክ ለመጥራት ስልክ ስታወጡ «እኔ እያለሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ መኪናው ለብዙ ጊዜ አይነሳም። ለእኛ ለዋይት ሴንተር ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ አውአሎም ናቸው።

ጋሽ አውአሎም ጎረቤቴ ናቸው፤ አንድ ግድግዳና አንድ ጋራዥ እንጋራለን። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ቫን ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሐኪም ካሳፈሩ ሕክምና፣ መሐንዲስ ካሳፈሩ ምህንድስና ይዘው የወረዱ ይመስላቸዋል። የሊቀ ጠበብቱ ሥራ ቤቴ ውስጥ ተበትኖ ይታያል። የመታጠቢያ ቤቴ መብራት የሚበራው የሳሎኑ ሲጠፋ ነው። የጓሮው በር እሳቸው ከጠገኑት ወዲህ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ሌባ እንደ ልቡ ይገባል፣ እኔ ግን መውጣት አልችልም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከብረት ብልህ ሴት ስለሆኑ ቤታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ከእሳቸው ይደብቁታል።

የምስቅ እንዳይመስላችሁ። ዘንድሮ በልጄ መጡብኝ።

ልጄ ኖላዊት የትምህርት ቤቷ የስኪ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ ቡድን ውስጥ ካልገባሁ ብላ ያዘች። ሌላ ነገር ይህን ያህል ፈልጋ አታውቅም። ሳሎን ምንጣፍ ላይ በዚያ ድንጋይ በሚያህል የስኪ ጫማ ጉልበቷን እያጠፈች ስትለማመድ ከረመች፤ የሶፋዬ እግር ምስክር ነው። ሰው የተገለገለበት ስኪ ፈልጌ አገኘሁላት። አሰልጣኙ ታዲያ የስኪው ሆድ፣ በረዶውን የሚነካው ገጽ ማለቱ ነው፣ እቤት ተጠርጎ ሰም ካልተቀባ አይንሸራተትም አለን። የቡድኑ መግቢያ ፈተና ቅዳሜ ነበር።

ይህን ሥራ አሳምሮ የሚያውቅ አንድ ሰው አለን፤ አባቷ መስፍን። ዴንቨር ነው የሚኖረው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ስኪ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል። ኖላዊት ጻፈችለት። የትኛው ሰም ለየትኛው በረዶ እንደሚሆን የሚያስረዳ የቪዲዮ ሊንክ ላከላት፤ ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አለበት። ትምህርቱ ትክክል መሆኑን አልጠራጠርም። መስፍን ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ከሩቅ።

ስኪውን ወደ ሱቅ ልወስደው መኪና ላይ ስጭን ጋሽ አውአሎም ከጋራዡ ብቅ አሉ።

«ወዴት ነው እሱን ይዘሽ ልጄ?»

«ሰም ላስቀባው ነው ጋሼ። የሚሠሩበት ሱቅ አለ።»

«ሱቅ? እኔ እያለሁ?»

እሳቸው በረዶ ነክተው የሚያውቁት ከመኪናቸው መስታወት ላይ ሲጠርጉ ነው። ቢሆንም ስኪው ሁለት ወንበር ላይ በጀርባው ተጋደመ። ሆዱን በሳሙና እንደ ጋቢ አሹት። ወይዘሮ ከብረት ነጠላቸውን የሚተኩሱበት ካውያ ሳያውቁ ተወሰደባቸው፤ እስከ ዛሬ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቢጫ መስመር አለ። ሰሙ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የተለቀመ የጧፍ ቁራጭ ነበር፣ በፌስታል።

«ጋሼ፣ የስኪ ሰም ሌላ ነው አሉ እኮ» አልኩ።

«ሰም ሰም ነው። ይሄ ደግሞ የተባረከ ነው። እዚህ ላይ የቆመ ልጅ አይወድቅም።»

ጧፉን ካውያው ላይ እያቀለጡ አንጠባጠቡት፤ ከዳር እስከ ዳር ተኮሱት። ጋራዡ የቅዳሴ ሰዓት መሰለ። ኖላዊት ስልኳን እያየች ሲቀዘቅዝ ሰሙ ተፍቆ መነሳት አለበት አለቻቸው፤ ኦልሞስት ኦል፣ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው። ሊቀ ጠበብቱ ካውያውን አስቀምጠው በአዘኔታ አዩዋት።

«የቀቡትን መልሶ መፋቅ? አናትሽ ላይ ቅቤ ሲደረግልሽ ወዲያው ይፋቃል? ይተዋል እንጂ። ቆይቶ ነው የሚገባው።»

ሰሙ ሳይፋቅ ቀረ።

ቅዳሜ ወደ ስኖኳልሚ ተራራ ወጣን። የጋሽ አውአሎም ቃል ጠብ አላለም፤ ኖላዊት አልወደቀችም። ለመውደቅ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ልጆች ሽው እያሉ ሲወርዱ የእሷ ስኪ በረዶውን ከሥሩ እየጋገረ ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በዱላዋ እየገፋች፣ እያለቀሰች ወረደች። አሰልጣኙ ስኪውን ገልብጦ አየው፤ አሸተተው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ እንድትሞክር ፈቀደላት።

ስንመለስ ጋሽ አውአሎም ደጅ ቆመው ይጠብቁን ነበር። «እህስ? አበረረሽ?»

«ዩ ዶንት ኖው ኤኒቲንግ» አለቻቸው። ምንም አታውቅም ማለቷ ነው፤ እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ደግሞ ለጆሮ የባሰ ከበደ።

እሳቸውም ስኪውን አዩ፣ እሷን አዩ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ዓመታት ተመኝቻለሁ። መብራቱን ሳበራ፣ የጓሮው በር ሲቆለፍብኝ ተመኝቻለሁ። ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

በነጋታው ስኪውን ሱቅ ወሰድኩት። ሠራተኛው እየፋቀ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሻማ ነው አልኩት። በሳምንቱ ውስጥ ጋራዡ ጭር አለ። የቆሻሻ መጣያዬን እንደ ወትሮው ከመንገድ ዳር አስገቡልኝ። ወትሮ ሲያስገቡ አንኳኩተው፣ ካርቶኑን የተሳሳተው መጣያ ውስጥ መክተቴን አስረድተው፣ እግረ መንገዳቸውን የሚሰበር ነገር ፈልገው ነበር የሚሄዱት። በዚያ ሳምንት ቀስ ብለው አቁመውት ሄዱ። በመስኮት እያየኋቸው ተናደድኩ፤ በእሳቸው አልነበረም። መስፍን ከሄደ ወዲህ ይህን በር ሳይጠራ የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም። መብራቱንም ያበላሹት ጨለማ ውስጥ መቀመጣችንን አይተው ስለመጡ ነው። የሚያውቀው ሊንክ ላከ፤ የማያውቁት ካውያ ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ስበሳጭ የኖርኩት በመጡት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኖላዊት አለፈች። ከተመረጡት የመጨረሻዋ ናት፤ ቢሆንም ገባች። እቤት ስንደርስ ያንን ከባድ ጫማ ሳታወልቅ ስኪዋን ተሸክማ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች። እኔ ይቅርታ ልትጠይቅ መስሎኝ ተከተልኳት።

«ጋሼ፣ አይ ሜድ ኢት። ገባሁ» አለቻቸው። ከዚያ አማርኛዋን ትፈልግ ጀመር። «ሰሙ… ሠራ። ሶ፣ እንደ ቅቤው ነው። ቆይቶ ገባ።»

ውሸት ነውር ነው እያልኩ ነው ያሳደግኳት። አፌን ዘጋሁ።

ጋሽ አውአሎም ስኪውን ተቀብለው ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን ሆዱ ላይ አስኬዱበት፤ አፍንጫቸውን አስጠጉ። ጧፍ ጧፍ አይልም ነበር። ገባቸው አልገባቸው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

«ነግሬሽ አልነበረም?» አሉ በመጨረሻ፣ ስኪውን እየመለሱላት።

አሁን ቼሪ ጎዳና ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የስኪ ሊቅ ሆነዋል። ስኪ ላለውም ለሌለውም ሰም እንዳይፋቅ ይመክራሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ በርበሬዬን እየመረጥኩ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

ይህን ስጽፍ የወጥ ቤቴ ውሃ ተዘግቷል። ጋሽ አውአሎም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንጋለዋል፤ የሚታየኝ ካልሲያቸው ብቻ ነው። ቅድም አንድ ነገር ተሰብሮ ሲወድቅ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ልጥራ?» አልኩ። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው፤ የመጥራት ሐሳብም የለኝም። መልሱን መስማት ፈልጌ ነው።

«እኔ እያለሁ?»