እስከ አራት ነጥብ ስድስት

«እስከ» የምትለዋን ቃል ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የጻፋት ሰው ሕሊናውን ሸጦ መሆን አለበት፤ ያውም እስከ ሃምሳ ፐርሰንት ቅናሽ አድርጎ።

አጋነንሽ ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው ስሙኝ። አባዬ ለኮሌጅ ኮርስወርኬ ብሎ ሰፈራችን ኤድመንተን ካለ ሱቅ ተገጣጥሞ ያለቀለት ዴስክቶፕ ገዛልኝ። ካርቶኑ ላይ የእኔን ጭንቅላት በሚያህል ፊደል «እስከ 4.6 ጊጋኸርዝ» ይላል፤ ፍጥነቱ መሆኑ ነው። አባዬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዓይኑ ከፍጥነት ቆጣሪ ላይ አይነቀልም። ኮምፒውተሩ ገና ከመከፈቱ «የዚህስ ቆጣሪ የት ነው?» አለኝ። እኔም ሞኟ አሳየሁት...

«ሁለት ነጥብ አምስት ይላል።»

«ሥራ ስለሌለው ነው አባዬ። ሥራ ሲበዛበት ቱርቦ የሚሉት ነገር ይነሳና ይፈጥናል።»

«እኔ ‹እስከ ካምደን› ብዬ ጭኜ ገና ኤድመንተን ላይ ‹ውረዱ› ብላቸው ሰዎቹ ዝም ይሉኛል?»

ስለዚህ ጋሽ መርዕድ ተጠሩ። የአባዬ ጓደኛ ናቸው፤ ድሮ አዲስ አበባ ሳሉ የኮምፒውተር ኮርስ ወስደዋል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ተለውጧል፤ ለእሳቸው ግን የነገራቸው የለም። የኮምፒውተሩን ሣጥን ዞሩት፣ ዳበሱት፣ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ቱርቦ የሚለው ቁልፍ የታለ?»

«ቁልፍ የለውም ጋሼ። ራሱ ነው የሚነሳው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስማር እዚህ ጋ ነበር፣ ፊት ለፊት። ነቅለውታል።» ወደ አባዬ ዞሩ። «ተታለሃል ወንድሜ። ቅዳሜ ሱቁ ወስደህ ሪተርን አድርገው።»

ብለው ራታቸውን በልተው ሄዱ። የባለሙያ ምርመራ ማለት ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ የኮርስወርኬን ቪዲዮ የማስረክበው ሰኞ ነው። ኮምፒውተሩ ከሄደ የሚቀረኝ የኮሌጁ ነው፤ እሱን ለማግኘት ወረፋ፣ ካገኙት በኋላ እስኪከፈት ሌላ ወረፋ። ዓርብ ማታ አባዬን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩትና ቪዲዮውን ወደ ፋይል እንዲቀይር ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። በቂ ሥራ ነው። ቁጥሩ ተወርውሮ አራት ነጥብ ሦስት ገባ። ኮራሁ። ከዚያ ሦስት ሆነ... ከዚያ ሁለት ነጥብ አንድ።

«ይኸው ወረደ» አለ አባዬ። «መርዕድ ነግሮኝ ነበር።»

ሣጥኑ ዳገት እንደያዘ አሮጌ ሚኒባስ ያጓራል። ምን ነካው ብዬ እጄን ብሰድድ ያረፈው ዳንቴል ላይ ነው። አዎ፣ የእማዬ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑን፣ ሶፋውንና ማይክሮዌቩን ያለበሰች እናት ኮምፒውተሩንም ሁለት ድርብ አልብሳ፣ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ሸጉጣዋለች። በእጄ ሊጥ ይዤ ቢሆን ዳቦ ሆኖ ይወጣ ነበር።

«እማዬ፣ ታፍኗል እኮ። ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል።»

«ታዲያ እንግዳ ፊት ራቁቱን ይቀመጥ?»

ዳንቴሉን ገፈፍኩና ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ አራት ነጥብ አንድ ላይ ቆመ፤ ቪዲዮው እስኪያልቅም ንቅንቅ አላለም። አራት ነጥብ ስድስትንም በኋላ ለቅጽበት ብልጭ ስትል አይተናታል። ሱቁ ያን ሁሉ ፊደል ያሳተመው ለዚያች ብልጭታ ነው፤ በእውነት አያፍሩም። አባዬ ቁጥሩን በጣቱ ጠቆመና «ካምደን ባይደርስም ደህና ቦታ አወረደን» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን ቀዳዶ ሪሳይክሊንግ ገንዳ ውስጥ ከተተው። ያለ ካርቶኑ ደግሞ ሱቁ አይመልስም፤ ኮምፒውተሩ ቀረልኝ።

እማዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አትሸነፍም። ተስማማን፦ እንግዳ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ዳንቴሉን ይለብሳል፣ ቡፌው ውስጥ ይገባል። ከቤታችን የማይጠፉት እንግዳ ደግሞ ጋሽ መርዕድ ናቸው። ባለፈው እሑድ መጥተው በዳንቴሉ ላይ መታ መታ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ ከዚያም በሐዘን አባዬን አዩት።

«አልነገርኩህም? ጭራሽ ቆመ።»