ናሁሰናይን ሊቀጥሩ የተሰለፉት ፕሮፌሰሮች

ባለፈው ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ናሁሰናይ ሕልም አየ። ሕልሙን ያየው አልጋው ላይ ሆኖ አይደለም። ደሴ ውስጥ በሚሠራበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት፣ ክንዱን ተንተርሶ ነው።

ናሁሰናይ የጤና ኢንፎርማቲክስ ባለሙያ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ሁለት ዓይነት መልስ አለው። ለተማረ ሰው «የሕሙማንን መረጃ በዲጂታል ሥርዓት አደራጃለሁ» ይላል። ለአክስቱ ደግሞ «የጠፋ ካርድ እፈልጋለሁ» ይላል። እውነቱ ወደ አክስቱ መልስ ያደላል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሕሙማኑን ታሪክ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ኖሯል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት ይመለሳል።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ሌላ ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር፤ ሥራ መፈለግ። የሚፈልገው ውጭ አገር ሆኖ፣ በጤና መረጃ ወይም በሕክምና ምርምር ዘርፍ፣ ቪዛውንም ቀጣሪው የሚጨርስለት ዓይነት ነው። ሰባ አንድ ቦታ አመልክቷል። ሲቪውን ደጋግሞ ከማሳመሩ የተነሣ አንዳንዴ ራሱ ሲያነበው በሰውየው ይቀናል። አለቃው ሲስተር አመለወርቅ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የካርድ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥለው ይጠይቁታል።

«ዛሬስ የት አገር ነህ?»

«ዛሬ ፊንላንድ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ብርድ ነው አሉ። ጋቢ ያዝ» ይሉና ካርዳቸውን መደርደር ይጀምራሉ።

ከሰባ አንዱ ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የጠራው አንድ ብቻ ነው፤ ሰሜን አውሮፓ ያለ ዩኒቨርሲቲ። ከሦስት ሳምንት በፊት አራት ሰዎች በስልክ ምስል እየታዩ ሲጠይቁት ቆይተው «የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ እናሳውቅዎታለን» አሉት። ማክሰኞ ደረሰ። ናሁሰናይ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሲያይ፣ ሲያስቀምጥ፣ እንደገና ሲያነሣ አረፈደ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሱ ቀረ። ዓይኑ ከበደው፤ ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ ክንዱ ላይ ተደፋ።

በሕልሙ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል። ከበሩ እስከ ሸዋበር ሰፈር ድረስ ሰልፍ ተዘርግቷል። ሰልፈኞቹ በሙሉ ፈረንጆች ናቸው፤ መነጽር ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እያንዳንዳቸው የላስቲክ ፋይል በደረታቸው የታቀፉ። ጥበቃው በዱላው መስመር እያሰመረ «ኦርጅናሉን በግራ እጅ፣ ኮፒውን በቀኝ» ይላል። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሁለቱም እጃቸው ላይ ኮፒ ይዘው በመገኘታቸው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለሱ።

ሲስተር አመለወርቅ በአንገታቸው ዳቦ የሚያህል ማኅተም አንጠልጥለው መጡና እጅ ነሱት።

«ጌታዬ፣ ቀጣሪዎችዎ ከትናንት ጀምሮ ይጠብቃሉ።»

ሲስተር ጌታዬ ብለውት አያውቁም። በሕልሙ ግን አልገረመውም።

«ስንቱን ነው የምቀበለው?»

«ኮታው አንድ ነው። ቀሪውን በትሕትና ይሸኙ» አሉት።

ናሁሰናይ ትንሽ ቀዳዳ ካላት መስታወት ኋላ ተቀመጠ። ቀዳዳዋ ዝቅ ያለች ስለነበረች ማናገር የፈለገ ሁሉ ጎንበስ ማለት ነበረበት። መጀመሪያ ጎንበስ ያሉት ፕሮፌሰር ሄልጋ የሚባሉ ረጅም ሴትዮ ናቸው። የአንድ ትልቅ የምርምር ማዕከል ኃላፊ ነኝ አሉ።

«የአማርኛ ፈተና ወስደዋል?» አላቸው።

«ወስጃለሁ። ከዘጠኝ ስምንት አመጣሁ። ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ናቸው የቀነሱብኝ።»

ናሁሰናይ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «ጊዜው ትናንት አልፎበታል።»

«ግን እኮ አሁን የምናወራው በአማርኛ ነው።»

«እሱን እየሰማሁ ነው። ማስረጃ ግን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አራት መቶ ሰባ ዓመት።»

«ለጀማሪ መደብ አምስት መቶ ዓመት ነው የምንጠይቀው።»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ነከሱ። ናሁሰናይ ግን ገና ነበር።

«ከቀጠሩኝ በኋላ ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ ምን ማረጋገጫ አለዎት?»

«ባል አለኝ። ውሻም አለኝ።»

«ውሻው በስምዎ ነው?»

«በባለቤቴ ስም ነው» አሉ በቀስታ፤ መበላሸቱ ገብቷቸዋል።

«የመጨረሻ ጥያቄ። ከአምስት ዓመት በኋላ እኔን የት ነው የሚያዩኝ?»

ፕሮፌሰር ሄልጋ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ከእኛ ጋር። ሞቅ ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ፣ ደጁ በረዶ እየጣለ፣ መብራት ሳይሄድብዎ አንድ ሥራ ጀምረው ሲጨርሱ።»

መልሱ ልቡ ውስጥ ገባ። እሱም ራሱን የሚያየው እዚያው ነበርና። ፊቱን ግን አልለወጠም፤ መስታወት ኋላ የተቀመጠ ሰው ፊቱን እንደማይለውጥ በደንብ ያውቃል። ያቺን ሠላሳ ጊዜ ተልካለት በቃሉ ያጠናትን ደብዳቤ ጀመረ።

«ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ብዛት ያላቸው ብቁ አመልካቾች ስለነበሩ በዚህ ዙር ልንመርጥዎ አልቻልንም። ወደፊት መልካሙ ሁሉ እንዲገጥምዎ እንመኛለን።»

ሲናገራት አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፈጠችው። በኋላ ከሕልሙ ሁሉ ያፈረው በዚህ ነው።

«ምክንያቱን ማወቅ ይቻላል?» አሉ ሴትዮዋ።

«ለእያንዳንዱ አመልካች ማብራሪያ አንሰጥም።»

ፕሮፌሰር ሄልጋ አላለቀሱም። ወጡና አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የሲቪያቸውን ፊደል በእርሳስ ማድመቅ ጀመሩ። ናሁሰናይ በመስታወቱ አያቸው። ጀርባቸው የጎበጠበት፣ አንገታቸው የተቀበረበት ሁኔታ አዲስ አልሆነበትም። ማታ ማታ እናቱ በር ከፍታ ስታየው እሱም እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። ልጥራቸውና ይቅርታ ልበል ብሎ ተነሣ።

የተነሣበት ክፍል ግን ቤተ ሙከራ ሆኖ ተገኘ። ነጭ ጋውን የለበሱ አይጦች ወዲህና ወዲያ ይላሉ። አንዷ፣ ጺሟን በጥንቃቄ ያበጠረች፣ ሚዛን ላይ አቆመችው።

«ለምርምራችን ፈቃደኛ ነዎት?»

«ምርምሩ ስለ ምንድን ነው?»

«ቪዛ መጠበቅ በሰው አካል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ሁለት ቡድን አለን። የመጀመሪያው ቡድን አመልክቶ ይጠብቃል። ሁለተኛው ምንም ሳያመለክት ይጠብቃል።»

«ውጤቱስ?»

«እስካሁን ልዩነት አላየንም» አለች አይጧ። እንደ ማፈርም አለች። «ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ቡድኖች ስልካቸውን ነው የሚያዩት። እርስዎ የየትኛው ነዎት?»

«የመጀመሪያው።»

«እንዲያ ካሉ እንዲያ እንጽፋለን» አለችና ጆሮው ላይ ቁጥር አሰረችለት። ከዚያ በሩን ከፍታ በትሕትና አሳለፈችው።

በሩ ወደ ካርድ ክፍሉ ነበር የሚያስገባው። ካርድ ክፍሉ ግን ተገልብጧል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡት ካርዶቹ ናቸው፤ ጥጋቸው የተቀዳደደ፣ በፕላስተር የተጠጋገኑ፣ አንዳንዶቹም የሚያስሉ። መደርደሪያው ላይ እስከ ጣሪያ ድረስ የተደረደሩት ደግሞ ሰዎቹ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ቁጥራቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ አውጡን ሳይሉ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

አንዲት ወፍራም፣ ያረጀች ካርድ ተነሥታ ወደ ናሁሰናይ መጣች።

«ባለቤቴ ጠፍታብኛለች። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ነው ያለሁት። ዘምዘም ትባላለች፣ ከኩታበር።»

ናሁሰናይ እትዬ ዘምዘምን ያውቃቸዋል። ደም ግፊታቸውን ለመለካት በየወሩ የሚመጡ፣ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ደህና ነህ ወይ፣ ልጄ» የሚሉት ሴት ናቸው። ቢሆንም ከአፉ የወጣው የለመደው ቃል ነው።

«ከጠፋች አዲስ ሰው እናውጣልሽ።»

ካርዷ ቀረብ አለች። «አዲስ ሰው ምን ያደርግልኛል? እኔ ላይ የተጻፈው የእሷ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ወር በወር። ሌላ ሰው ቢሰጡኝ መድኃኒቱን ለማን ልንገረው?»

መሰላሉን አቆመና መደርደሪያው ላይ ወጣ። አንድ በአንድ የሰዎቹን ቁጥር እያየ፣ ይቅርታ እያለ፣ ጉልበት እየተሻገረ ፈለገ። ከታች ሲስተር አመለወርቅ መሰላሉን ያዙለት።

«ጌታዬ፣ ፕሮፌሰሮቹ አውቶቡሳቸው ሊነሣ ነው። አንዱን ይምረጡና ይፈርሙ። በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል።»

«ፕሮፌሰር ሄልጋን በሉልኝ። እምቢ ያልኩትን ሽሬዋለሁ በሉልኝ። እዚህ ሰው ጠፍቶብኝ ነው።»

«እዚህ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል፣ ጌታዬ። መፈረም ግን በአካል ነው።»

«እኚህ ከኩታበር ድረስ ነው የመጡት፣ ሲስተር» አለ።

በመጨረሻ አገኛቸው። እትዬ ዘምዘም ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከማያውቋቸው አራት ሽማግሌዎች መሃል ተሰግስገው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው በናሁሰናይ እጅ ነው። ስምንቱ ዜሮ መስሏል። የጻፈበትን ቀን ወዲያው አስታወሰ፤ በግራ እጁ ስልኩን ይዞ የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ፎርም ሲሞላ ነበር።

«ማን ነው እዚህ ያስቀመጠኝ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። የዚያን ቀን ፎርም እየሞላሁ ነበር።»

«የምን ፎርም?»

«የመሄጃ።»

እትዬ ዘምዘም አልተቆጡም። «አብሽር። እነዚህም ሰዎች ጨዋታ ያውቃሉ። ደግሞም ሳትሄድ ነው የመጣህ። ከሄድህ በኋላ ቢሆን ማን ያወርደኝ ነበር?»

ሳቅ ብለው ነው የተናገሩት፤ ለወቀሳ አልነበረም። ናሁሰናይ መሰላሉ ላይ ዞረ። ጀርባውን ሰጣቸውና አዘላቸው። እንደ ወረቀት ቀላል ነበሩ። መሰላሉን መውረድ ጀመረ፤ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ከታች ሁለት ይጨመራል። ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ሰማ። በመስኮቱ ሲያይ ፕሮፌሰሮቹ ተሳፍረዋል። ፕሮፌሰር ሄልጋ ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጥተው አንድ ወረቀት ያውለበልባሉ፤ ብዕርም ይዘውለታል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስ ነበር። ለመዘርጋት ግን የአሮጊቷን እግር መልቀቅ አለበት።

አልለቀቀም። እግራቸውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና አውቶቡሱ በፒያሳ በኩል ሲታጠፍ ቆሞ አየው። እንባው መጣ። ያዘነው ስለቀረ ይሁን፣ ወይስ ባለመልቀቁ ደስ ስላለው፣ ለይቶ ሳያውቀው ትከሻውን ይነቀንቁት ጀመር።

«ተነሥ።»

«ላውርድዎት እኮ ነው፣ እትዬ።»

«የምን እትዬ? ተነሥ እንጂ፣ ስልክህ ጠረጴዛውን ሊሰረስረው ነው።»

ሲስተር አመለወርቅ ናቸው። ምሳ አልቋል። ናሁሰናይ ጉንጩ ላይ የእጅጌው ስፌት ታትሞበት ቀና አለ። ስልኩን ከፈተ። ደብዳቤው የሚጀምረው «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ነው።

ብድግ አለ። ሲስተር አመለወርቅ ደግሞ ቁጭ አሉ።

«ወሰዱህ?» አሉ። ደስ ያላቸው ለመምሰል ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረባቸው። «አንብብልኝ እስቲ።»

«ለሦስት ዓመት ነው፣ ሲስተር። የጤና ኢንፎርማቲክስ ተመራማሪ። የአውሮፕላን ትኬት ይሸፈናል። የማረፊያ ቤት ይሰጣል። ቪዛውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያስጨርሳል።»

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀድሞም ንጹሕ ነበር። «ይገባሃል። ስድስት ዓመት ለፍተሃል። እና ከተማው ማን ይባላል?»

ናሁሰናይ ደብዳቤውን ወደ ታች አወረደ። አነበበ። መልሶ አነበበ። ከዚያ ስልኩን ሰጣቸው። ሲስተር መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ ከመስመሩ ሥር በጣታቸው እየተከተሉ፣ በቀስታ አነበቡ። ጥናቱ የሚካሄደው ኢትዮጵያ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ነው። የሥራ ቦታው የዚሁ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያስጨርስለት ቪዛ የኢትዮጵያ መግቢያ ቪዛ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሲደርስም የሚቀበለው ሰው ይኖራል።

ሲስተር አመለወርቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ የተከመሩትን ካርዶች አንሥተው ወለሉ ላይ ቆለሉ፤ ወንበሩንም በእጅጌያቸው አቧራውን ጠረጉለት።

«እና መቼ ነው የምትገባው?» አሉት።